ለማኅበሩ ቀን ያቆየሁት ቃል

በቀን አንድ ገጽ ነው የምጽፈው። ከዚያ ካለፍኩ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ የግራ ሳንባዬ ግማሹ የለም። ባለቤቴ አስናቀ በሠራልኝ የእንጨት መደገፊያ ላይ ጀርባዬን አስጠግቼ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሰው ፋይል ሳደራጅ ኖሬ የራሴን ለመጻፍ ስነሣ እጄ ይከብደኛል። ግን ሁለት ዓይነት ሰዎች እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። አንደኛው ሳል ይዞት "ብርድ ነው" እያለ የሚኖር ሰው ነው። ሁለተኛው ለቤቱ ሰው ሊናገረው የሚገባ ቃል እያለው ጥሩ ቀን የሚጠብቅ ሰው ነው።

ሳሉ የጀመረኝ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አገራችን ደጋ ነው፤ በነሐሴ የማያስል የለም። ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር በላሁ። መስቀል አለፈ፣ ኅዳር ገባ፣ ሳሉ አልሄደም። አክታ የሌለው፣ እንደ መጋዝ ጉሮሮ የሚፍቅ ደረቅ ሳል ነበር። ቀጥሎ የግራ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ውሃ ስላነሣሁ ነው አልኩ።

ደበቅሁት። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሆነን የምንጠጣው የሚካኤል ማኅበር አለን፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን በተራ እንደግሳለን። በማኅበራችን የሚጠጣው በአንድ ጽዋ ነው፤ ካንዱ እጅ ወደ ሌላው እየዞረ። የሚያስል ሰው ጽዋውን ሲቀበል ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እኔም ያንን ፊት ለሌላ ሰው አሳይቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ሳሌ ሲመጣ ወጥ ላማስል ብዬ ወደ ማድ ቤት እሮጥ ነበር። ሦስት ወር በዚህ አለፈ። ጽዋው ይቅርብኝ ብዬ ያን ጊዜ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረብኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ የሳንባ ምች ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ለሳምንት ተሻለኝ፣ ተመለሰብኝ። ደግመው ሰጡኝ። በሦስተኛው አክታ ስጪ ተባልኩ፤ በግድ ስቤ ያወጣሁት ሁለት ጊዜ ተመርምሮ የቲቢ ተሕዋሲ አልተገኘበትም። ራጅ ስነሣ ግን ግራ ሳንባዬ ላይ ጥላ ታየ። አክታው ባያሳይም ራጁ ቲቢ ይመስላል ተብሎ የስድስት ወር መድኃኒት ተጀመረልኝ። አልወቅሳቸውም። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ጥላ ብዙውን ጊዜ ቲቢ ነው፤ ብዙ ሰው በዚያ መድኃኒት ድኗል። የምጸጸተው በሌላ ነው። ሁለት ወር ውጬ ምንም ለውጥ ሳይኖር፣ ቀሚሴም እየሰፋኝ ሲሄድ፣ አልተሻለኝም ብዬ አልተናገርኩም። ክኒኑን የምትሰጠኝ ነርስ በየጠዋቱ "እንዴት አደሩ፣ ተሻለዎት?" ትለኛለች። እኔ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። እግዚአብሔርን ማመስገን ደግ ነው፤ ግን ለነርስ የሚሰጥ መልስ አይደለም።

መድኃኒቱን በጀመርኩ በአራተኛው ወር ነጠላዬ ጠርዝ ላይ ደም አየሁ። አጥቤ አሰጣሁት። አስናቀ ከገመድ ላይ ሲያወርደው ያልለቀቀችውን ቡናማ ነጥብ አየ። አናጢ ነው፤ ትንሽ ነገር ዓይኑን አያልፈውም።

"ስንት ጊዜ ነው?" አለኝ።

"ሦስት።"

"ልብስሽን አዘጋጂ። ነገ ደሴ ነን።"

መንገዱ የዚያን ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ስንሄድ አቀስታ ላይ አደርን፤ በማግስቱ ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ደረቴን ሲሰነጥቀው አስናቀ ጋቢውን አውልቆ በኔ ጋቢ ላይ ደረበልኝና እሱ በኮት ብቻ ተቀመጠ። ደሴ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሁለት ቀን ጠበቅን። አጠገቤ ከከላላ የመጣች ሴት ነበረች፣ የእናቷን ውጤት የምትጠብቅ። ከቋጠሮዋ ቆሎ እየዘገነች ታካፍለኝ ነበር። ሳሌ ሲነሣ ፊቷን አላዞረችም፤ ጀርባዬን ትደባብሰኛለች። ስሟን ሳልጠይቃት ተለያየን። ያቺን ሴት እስካሁን በጸሎቴ አነሣታለሁ።

ሲቲ ስካን የሚሉትን ተነሣሁ፤ እንደ ራጅ ሆኖ ውስጥን ቆራርጦ የሚያሳይ ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ጻፉልን። ልጃችን ማህሌት እዚያ ትሠራለች፤ አንድ ክፍል ቤቷን ለሦስት አካፈለችን። በመርፌ ከሳንባዬ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወንበሩን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥቶ ፊት ለፊታችን ተቀመጠና ካንሰር መሆኑን ነገረን። ገና አልተሠራጨም፣ በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል አለ። ቀጥሎ ሲጃራ አጭሼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ሳቄ መጣ። እኔ ሲጃራ በእጄ ይዤ አላውቅም። በአገራችን የምታጨስ ሴት ምን እንደምትባል የሚያውቅ ያውቀዋል። አላጨስኩም አልኩት። "ቤት ውስጥስ የሚያጨስ ነበር?" ሲለኝ አፌ ሳይከፈት አንገቴ ዞረ። አስናቀን አየሁት።

"እኔ አጨስ ነበር" አለ። "አራት ዓመት።"

ሲጃራውን ያመጣው ከውትድርና ነው። ስንጋባ ያጨስ ነበር። ማህሌት ተወልዳ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በተነሣች ማግስት ፓኮውን ሽንት ቤት ጣለውና አበቃ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። በእነዚያ ሃያ ዘጠኝ ዓመታት ሲጃራውን አንድ ቀን እንኳ አንሥቼበት አላውቅም። ያን ቀን ግን ከሆስፒታሉ በር እስከ ታክሲ አንድ ቃል ሳልናገረው ሄድኩ።

ለቀዶ ጥገናው ወረፋ ስለነበረ አንድ ወር አገር ቤት ቆይታችሁ ኑ ተባልን። ተመለስን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ሳንባ ከተባለ ሲጃራ፣ ካልሆነም ሺሻ ነው ይላል ሰው። መዝገብ ቤት አብራኝ የሠራች ሴት ገበያ ላይ ስታገኘኝ አፌን አየት አድርጋ ነው ሰላም ያለችኝ። ከሕመሙ ይልቅ ያ አመመኝ፤ ማታ ማታ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ የምፈራው ሞቱን ብቻ አልነበረም፤ ስሜን እንዲህ ጥዬ መሄዱን ጭምር ነው።

የማኅበሩ ሰዎች ተሰብስበው ሊጠይቁኝ መጡ። አሥራ አንዱም ቤት። አስናቀ ማስታጠቢያና ጆግ ይዞ እጅ ያስታጥባል፤ እኔ ብዙ መቆም ስለማልችል የሴቱንም የወንዱንም ሥራ የያዘው እሱ ነው። እትዬ ብርቄ፣ በማኅበሩ አፍ የማይቋጥሩ የምንላቸው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣

"ልጄ፣ ያንን ነገር... ደብቀሽ ታጨሺ ነበር ወይ?" አሉኝ። "ለኛ ብትነግሪን ምን አለበት።"

እኔም ከፍ አድርጌ ተናገርኩ።

"እኔ አላጨስኩም። ያጨሰው እሱ ነው። እኔ የሱን ጭስ ነው የበላሁት።"

አስናቀ በማኅበሩ ሽማግሌ በጋሽ ወርቁ እጅ ላይ ውሃ እያፈሰሰ ነበር። ማፍሰሱን አላቆመም። ጋሽ ወርቁን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሄደ፤ እስከ መጨረሻው ሰው አስታጠበ። ከዚያ ማስታጠቢያውን ይዞ ወጣና ብዙ ቆየ።

እኔ ስሜ ነጻ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሲጃራ የጠየቀኝ ሰው የለም። የሱ ስም ምን እንደ ሆነ ግን ጎረቤቴ ሐዋ ነገረችኝ። ሐዋና እኔ አጥራችን አንድ ነው፤ ልጆቻችንን ተጋግዘን ነው ያሳደግን። አስናቀ አጎንብሶ በር ሲገጥም አንዱ "አስናቀ፣ ጭስ ማውጫ ትሠራለህ አሉ" ብሎ ሌሎቹ እንደሳቁ፣ እሱም አብሮ እንደሳቀ ነገረችኝ። የሰማሁ አልመሰልኩም። የታመመ ሰው ክፋት ይፈቀድለታል ብዬ አስብ ነበር መሰለኝ።

ለቀዶ ጥገናው ስንሄድ የኤሌክትሪክ መላጊያውንና መጋዙን ሸጠ። "እጄ አለልኝ አይደል" አለ። ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲያስገቡኝ በተሽከርካሪ አልጋው ጎን እየሄደ "መጋዛቸው ካልቆረጠ ጥሪኝ፣ እስልላቸዋለሁ" አለኝ። ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ኩርፊያዬን ይዤ ነው የገባሁት። ባልነቃ ኖሮ ያ ነበር የመጨረሻ ፊቴ።

ነቃሁ። ግማሽ ሳንባ ተወሰደ። ከዚያ በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት አራት ዙር ወሰድኩ፤ ፀጉሬ ሄደ፣ የምግብ ሽታ ጠላሁ። ወደ ቤት ስመለስ በጀርባዬ መተኛት ስላልቻልኩ ይህን መደገፊያ ሠራልኝ። መላጊያው ስለተሸጠ በእጅ ነው የላገው። ሦስት ጊዜ አስደግፎ እየለካኝ፣ ትከሻዬ የሚያርፍበትን ጎድጎድ አድርጎ። የክኒኔን ሰዓት ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፈ፤ በየጠዋቱ እየቆጠረ በእጄ ላይ ያስቀምጥልኛል።

እሱም የራሱ ክኒን ነበረው። ደም ግፊት አለበት ከተባለ አምስት ዓመት ሆኖታል። የኔን እሱ ይቆጥር ነበር፤ የሱን ማንም አልቆጠረም።

የማኅበሩ ሰዎች ሊጠይቁኝ ከመጡበት ቀን በኋላ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ እንደነበር አውቃለሁ። ምን እንዳሉት አላውቅም። የማውቀው ሌሊት ሲነጋጋ ጓሮ ካለው የእንጨት መሥሪያው ጀርባ ሰግዶ ግንባሩ አፈር ይዞ መምጣቱን ነው። ሁዳዴ ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስ አለ። ጠዋት የሚዋጠው ክኒን ወደ ከሰዓት ተዛወረ፤ ከሰዓት ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ ይረሳል። አየሁት። አንድ ጊዜ "ክኒንህን ዋጥ እንጂ፣ ለመድኃኒት ጾም የለም" አልኩት። "ከዘጠኝ በኋላ" አለ። አልደገምኩለትም።

በመጋቢት ለክትትል አዲስ አበባ ሄድኩ። እሱ ሥራ ስለነበረው ማህሌት ናት የወሰደችኝ። ምርመራው ለጊዜው ንጹሕ ነው ተባለ። ልጄ አለቀሰች። ልንነሣ ስንል ሐኪሙን የባሌ ሲጃራ ይህን እንዳመጣብኝ ጠየቅሁት። የጠየቅሁት እንዲያረጋግጥልኝ ነው፤ እውነቱን ልጻፍ።

ሐኪሙ ወረቀቶቹን ሰበሰበና አየኝ። የኔ ዓይነቱ ካንሰር ጨርሶ ጭስ ያልነካቸው ሰዎችም ላይ እንደሚወጣ ነገረኝ። የሌላ ሰው ሲጃራ አይጎዳም እንደማይል፣ ግን የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተጨሰ የአራት ዓመት ሲጃራ ነው ወይስ ዕድሜ ልኬን በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ያነደድኩበት ማድ ቤት ነው፣ ወይስ ምክንያቱ የማይታወቅ ሌላ ነገር፣ ማንም ሐኪም ሊለየው እንደማይችል አስረዳኝ።

"ጥፋተኛ የሚፈልጉ ከሆነ እኔ ጋ የለም" አለኝ። "ባለቤትዎ ደህና ናቸው?"

ደህና ነው አልኩት።

በአውቶቡሱ ላይ ሙሉ ቀን ያንን አሰብኩ። መጋቢት አሥራ ሁለት ቤቴ ገባሁ። አስናቀ መናኸሪያ ጠብቆኝ ነበር፤ ቦርሳዬን ተቀበለኝና ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። "ንጹሕ ነው አለ" አልኩት። "ሌላስ?" አለ። ሌላ የለም አልኩ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ማስረዳት እንጂ ማመካኘት አይደለም። የሚያዝያው ማኅበር የኛ ተራ ነበር። በማኅበሩ ሰው ፊት የጣልኩበትን ነገር በማኅበሩ ሰው ፊት ላነሣው ይገባል ብዬ ወሰንኩ። በመኝታ ቤት በሹክሹክታ "አፉ በለኝ" ብለው ሰው መች ይሰማል? ጽዋው በእጄ እንዳለ፣ በሚካኤል ፊት፣ እነ እትዬ ብርቄ እየሰሙ ልናገር። በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ሰው ሳይሰበሰብ አይሆንም። እርቅ ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ምርቃት ድግስ ይፈልጋል። እውነት መስሎኝ ነበር። ደግሞ ትንሽ ኩራትም ነበረበት፤ ጥፋቴ እንኳ አምሮበት እንዲወጣ ፈልጌ ነበር።

ለሐዋ ነገርኳት። ገብስ እያበጠርን ነበር። እጇን ከሰፌዱ አነሣች።

"አንች፣ አፉ ለማለት ምን ድግስ ያስፈልጋል?" አለችኝ። "ሰውየው ጓሮ ነው ያለው፣ እታለም። ሂጅና በይው።"

"አንድ ወር አይሞላም እኮ።"

"የነገውን አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ብሆን ይህ ገብስ ሳያልቅ እነግረው ነበር።"

ሳቅሁባት። ከጓሮ የእጅ መላጊያው ድምፅ ይሰማል፤ አስናቀ ለማኅበሩ እንግዶች መቀመጫ ረጅም አግዳሚ ወንበር እየሠራ ነበር። ያለፈው ዓመት ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ ነበርና ዘንድሮ አይሆንም ብሎ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን በአንድ ቤት ኖርን። ቆጥሬዋለሁ። በአሥራ ዘጠኙ ጠዋት ክኒኔን እጄ ላይ አስቀምጦልኛል። አንድ ቀን እግሬን አጠበልኝ፤ ያን ጊዜ ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ትንሽ ነው የቀረው፣ በደንብ እለዋለሁ ብዬ ዋጥሁት።

ሚያዝያ አንድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ የመላጊያው ድምፅ ቆመ። ደክሞት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቆይቶ ሐዋ በአጥሩ በኩል ስትጮህ ሰማሁ። ስደርስ አግዳሚው ሥር ወድቆ ነበር፤ አንድ ጎኑ አይንቀሳቀስም፤ ዓይኑ ግን ያየኛል። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ "አስናቀ፣ ሐኪሙ እኮ" ብዬ ጀመርኩ። ሳሌ ያዘኝ። ሳስል ሳስል ሰዎች ደርሰው አንሥተው ወሰዱት። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ። ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሷል አሉ።

ሐኪሙ የኔን ካንሰር በማንም ላይ አልለጥፍም እንዳለ፣ የሱንም ሞት በኔ ላይ የሚለጥፍ አልተገኘም። ግፊት ነው፣ ዕድሜ ነው፣ የእግዜር ጥሪ ነው ይሉኛል። ስግደቱንና የዘጠኝ ሰዓቱን ጾም በምን ቃል እንደጫንኩበት የማውቀው እኔ ነኝ። ባላውቀው ይሻለኝ ነበር፤ ወይም አንድ ሰው ቀርቦ አዎ አንች ነሽ ቢለኝ።

በአርባው ሰው ተሰበሰበ። የማኅበሩ ሰዎች በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ እግር ስላልተገጠመለት ድንጋይ አስደግፈንለት። ተነሣሁ። ያቆየሁትን ቃል ተናገርኩ፤ ሐኪሙ ያለውን፣ እኔ በዚያ ቀን ያልኩትን፣ እውነት መሆን አለመሆኑን እንኳ ሳላውቅ እንደ እውነት መናገሬን፣ ከሰማሁ በኋላም መደበቄን። ሳሌ ሁለት ጊዜ አቋረጠኝ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ጋሽ ወርቁ ከአግዳሚው ተነሡ። ከዚያ፣

"ልጄ፣ አስናቀ እኮ ቤቴ መጥቶ ነበር" አሉኝ።

"መቼ?"

"አንች በተናገርሽ ማግስት። በሌሊት። 'እሷን ስለ ሲጃራ አትጠይቋት፣ ያጨስኩት እኔ ነኝ፤ የሚጠይቅ ካለ ወደኔ ላኩት' አለኝ። ጠላ ቅመስ ስለው ገና ሌላ ቤት አለብኝ ብሎ ሄደ።"

"እኛም ቤት መጥቷል" አለ ከወዲያ ያለው። "እኛም ጋ" አሉ እትዬ ብርቄ በነጠላቸው ውስጥ።

አሥራ አንዱም ቤት ሄዷል። ስለ ሲጃራ የሚጠይቀኝ ሰው የጠፋው እኔ ጮክ ብዬ ስለተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ፣ ሳል ይዞህ ሦስት ሳምንት ካለፈህ ተመርመር፤ መድኃኒት ጀምረህ ካልተሻለህ ደግሞ ሄደህ አልተሻለኝም በል። አላጨስኩም ብለህ አትዘናጋ፤ እኔም አላጨስኩም። ሌላውን ምክር መስጠት አፌ አይችልም። እሱ ግፊቱን ይዞ፣ ወገግ ሳይል፣ በአንድ ማለዳ አሥራ አንድ ቤት ዞረልኝ። እኔ ከማድ ቤቱ እስከ ጓሮው ሃያ እርምጃ ነበረኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን አልተራመድኩትም።